ገዢው የመለሰው ጉትቻ

ወርቅ ገዢ "ይሄንን አይሽጡት" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰማሁ።

አማቴ "ለቤት መግዣችሁ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለዳውን ፔይመንቱ ላግዛችሁ" ብለው አምባራቸውንና የሠርጋቸውን ጉትቻ ሊሸጡ ከእኔ ጋር ወጡ። ዋጋው እንዲጨምር ትናንት በጥርስ ሳሙና እስኪያብረቀርቅ ፈትገውታል። ፎጣ ይዤ ያደረቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወርቅ ገዢውን ብልጭታው ግድም አልሰጠው። አምባሩን መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈትጎ ካራቱን አየ፣ ፈርጡን ነቅሎ መለሰልን፣ ከዚያ ሚዛኑን ወደ እኛ አዙሮ መዘነ። "የምከፍለው ለወርቁ ክብደት ብቻ ነው" አለ። ተስማማን፣ አምባሩ ተሸጠ።

ጉትቻውን ግን በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው።

"ይሄ የእጅ ሥራ ነው። እኔ ከገዛሁት ይቀልጣል። የሠሪውን ድካም የምመዝንበት ሚዛን የለኝም፣ አይሽጡት በላቸው" አለኝ።

እንጀራው ወርቅ መግዛት የሆነ ሰው ነው እንዲህ ያለው።

ተረጎምኩላቸው። አማቴ "ተባረክ ልጄ" አሉት በአማርኛ፣ ጉትቻውንም እዚያው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ለሠርግ ብቻ የሚወጣው ጉትቻ ዛሬ በባስ ሰፈራችን ሬክስዴል ገባ።

እናንተስ፣ ልትሸጡት ወጥታችሁ አድርጋችሁት የተመለሳችሁት ነገር አለ?