ጣሪያ የሌለው ቤት ግብር አይከፍልም

ኒቬስ ባሏ ቫልፍሬዶ ሲሞት የወረሰችው አንድ የወንበር ፋብሪካ ነው፤ ያውም ወንበር የማይሠራበት። በሰሜን ጣሊያን ናቲሶኔ ወንዝ ዳር ያለው ያ ሰፈር አንድ ዘመን ለግማሽ አውሮፓ መቀመጫ ያቀርብ ነበር። ርካሹ ወንበር ከሩቅ በመርከብ መምጣት ሲጀምር መጋዞቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ቫልፍሬዶ ማሽኖቹን ሸጦ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብዙም ሳይቆይ እሱም ሄደ።

ፋብሪካው ከመኖሪያ ቤቷ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር በዚያ ሰፊ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ውርጅብኝ መኝታ ቤቷ ድረስ ይሰማታል። አንዳንዴ ባሏ ከማዶ ሆኖ ማሽን ያስነሳ ይመስላት ነበር። ለምዳው ነበርና አትፈራም፤ እንዲያውም ያ ድምፅ ሲመጣ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።

ግብሩ ግን አልሞተም። ሕጉ የሚያየው የሕንፃውን ስፋት ነው እንጂ ውስጡ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። በሰኔና በታኅሣሥ ባዶው አዳራሽ እንደ ሙሉ አዳራሽ ይከፍላል። ኒቬስ በጡረታዋ ተንገታግታ ከፈለች፤ ቀጥሎ ከቤቷ ጀርባ የነበረውን የወይን ማሳ ሸጠች። ልታከራየውም ሞክራ ነበር። ሚሬላ የምትባል፣ ሶፋ የምታለብስ ሩማኒያዊት መጥታ አዳራሹን ዞራ አየችና ወደደችው። መጋረጃ ሰቅላ ልትጀምር ነበር። ከዚያ የእሳት አደጋ ሰዎች ሁለተኛ መውጫ በር ይሠራ አሉ። የጤና ቢሮው ደግሞ ጣሪያው ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ስለሆነ ሥሩ ሠራተኛ ማስገባት ክልክል ነው አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያው እስኪቀየር የንግድ ፈቃድ አይሰጥም። ጣሪያው እንዲቀየር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ እንዲመጣ ተከራይ ያስፈልጋል። ሚሬላ አንድ ክረምት ታግሳ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ቦታ ሄደች። ኒቬስ ቅር አላላትም፤ በእሷ ቦታ ብትሆን እሷም ትሄድ ነበር።

የቫልፍሬዶ የእህቱ ልጅ ፋውስቶ ቀያሽ ነው። ስለ መሬትና ስለ ሕንፃ መዝገብ የማያውቀው የለም። አንድ እሑድ ፖሌንታ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ እየበሉ ሳለ ሹካውን አስቀመጠ።

“አክስቴ፣ ጣሪያውን አንሺው።”

“ላንሳው። ከዚያ ምን ላልብሰው?”

“ምንም። ክፍቱን ተዪው። ጣሪያ የሌለው ሕንፃ በሕግ ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሽ ደግሞ ግብር አይከፍልም።”

ኒቬስ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ፋውስቶ ግን አልሳቀም። በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው እንዲህ እያደረገ ነው አላት።

“ደህና የቆመውን ገድለን፣ ከዚያ ሞቷል ብለን ልናስመዘግብ ነው?”

“ሞቶማ ቆይቷል። አንቺ ማስመዝገቡ ነው የቀረሽ።”

ይህን ቃል ብዙ ቀን ስታመነዥከው ሰነበተች። ደግሞ ግብር ከሚመጣብኝ ብላ በመጨረሻ እሺ አለች።

ጣሪያውን ሊያነሱ የመጡት ሰዎች ከእግር እስከ ራስ ነጭ ለብሰው አፍንጫቸውን ሸፍነው ነበር፤ ለወረርሽኝ የተጠሩ ይመስላሉ። ንጣፎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ በፕላስቲክ ጠቅልለው በክሬን ያወርዳሉ፤ እርስ በርሳቸውም አይነጋገሩም። ሲጨርሱ ኒቬስ የጎኑን በር ከፍታ ገባች። ሰማዩ ውስጥ ገብቷል። ፀሐይ አርፋበት በማታውቀው ወለል ላይ ማሽኖቹ ተተክለው የነበሩበት ቦታ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል፤ እዚህ መጋዙ፣ እዚያ ቶርኖው፣ ጥግ ላይ የቬርኒሽ ገንዳው። ልክ ትናንት የተነሡ ይመስላሉ። ነጩን እየዘለለች እንጂ እየረገጠች አልሄደችም፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

የመጀመሪያው ዝናብ ከሰዓት በኋላ፣ ጋደም ባለችበት መጣ። በመኖሪያ ቤቷ ጣሪያ ላይ ሲንጠባጠብ ሰማችና የለመደችውን ውርጅብኝ ጠበቀች። ከግድግዳው ማዶ ግን ዝም ነው። ዝናቡ እዚያ ሲደርስ የሚያርፍበት ያጣ ይመስል ድምፁ ይጠፋል። ተነሥታ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ምንም የለም። ያን ቀን መብራት ሁሉ አብርታ ተቀመጠች።

ከዝናቡ በኋላ ሽታው ተነሣ። ለዓመታት በወለሉ ስንጥቅ፣ በግድግዳው ንቃቃት ተወትፎ የቆየው ሰጋቱራ ውሃ ጠጥቶ ነቃ። ሰጋቱራና ኮላ፣ ኮላና ቬርኒሽ፤ መንገዱ ሁሉ እንደ ድሮ የሥራ ቀን ሸተተ። ዳቦ ቤት ስትገባ ሻጩ፣ “ወይዘሮ ኒቬስ፣ ከፈቱት እንዴ?” አላት። እንዴት ብላ ታስረዳው? የለም ብላ ዳቦዋን ይዛ ወጣች።

ጉም መሬት ለመሬት በሚሄድበት በኅዳር አንድ ጠዋት የጎኑን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ገባች። መጀመሪያ ምሰሶ መስለዋት ነበር። ጠጋ ስትል ሰዎች ናቸው፤ ባሏ ያሰናበታቸው የድሮ ሠራተኞች። የመጋዙ ኦልቪኖ፣ ሁለት ጣቱን ማሽኑ የበላበት፣ በመጋዙ ነጭ ቦታ ላይ ቆሟል። ሴሬኖ ቶርኖው ጋ ነው። ቬርኒሽ ትቀባ የነበረችው አሱንታ ጥጓ ላይ፣ አፏን በሻርፕ ሸፍናለች። ማንም ማንንም አያናግርም። የኦልቪኖ ቀኝ እጅ ብቻ ቀስ እያለ ወደፊት ይሄዳል፤ ይመለሳል። እንጨት ለመጋዝ የሚያቀርብ ሰው እጅ ነው።

“ጋሽ ኦልቪኖ፣ ማን ጠራችሁ?”

ሰውዬው ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ቀና አለ። “ማንም። ሽታው ነው። ስነሣ እግሬ ወደዚህ አመጣኝ።”

“ማሽኑ እኮ የለም።”

“እሱስ የለም” አለ ኦልቪኖ። “ቦታው ግን አለ።”

ኒቬስ ይህን ለፋውስቶ ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃውን የሚያይ ሰው ሊመጣ ነው። ሰው የሚገባበት፣ የሚውልበት ከሆነ ፍርስራሽ አይባልም፤ ግብሩ ካለፈው ጋር ተደምሮ ይመለሳል፤ ጣሪያውም እንዲያው ለከንቱ ወርዷል። ስለዚህ ኒቬስ በየቤታቸው እየዞረች እባካችሁ አትምጡ ብላ ለመነቻቸው። ሁሉም እሺ አሉ። አሱንታ እንዲያውም ያፈረች መስላ፣ መምጣቷን በደንብ እንደማታስታውስ ነገረቻት።

ተቆጣጣሪው ሜዴዮት የሚባል ጨዋ፣ ቀጭን ሰው ነው። በመጣበት ጠዋት ጉሙ እንደዚያን ዕለቱ ነበር። ኒቬስ በሩን ስትከፍትለት እነሱ ውስጥ ነበሩ፤ ሦስቱም፣ በየቦታቸው።

“እነዚህ ሰዎች…” ብላ ጀመረች።

“የትኞቹ ሰዎች?” አለ ሜዴዮት። የሚያየው ግድግዳውን ነው።

ሰውዬው በአዳራሹ መካከል መሄድ ጀመረ፤ ቀና ብሎ ክፍቱን ያያል፤ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ያያል። ኦልቪኖ ጋ ሲደርስ ሰው ምሰሶ እንደሚዞር ገለል ብሎ ዞረው፤ ዓይኑን እንኳ አላነሣም። አሱንታን ሳል ያዛት። ዞር አላለም። ኒቬስ ከኋላው እየተከተለች የገዛ ጫማዋን ድምፅ ትሰማለች፤ የሰውዬውንም ትሰማለች። ከዚያ በቀር የሚሰማ የለም።

ሲጨርስ በሩ ጋ ቆመ። “እዚህ የሚሠራ፣ የሚውል፣ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው አለ?”

ከትከሻው በላይ ሦስቱ ወደ እሷ እያዩ ነው። “የለም” አለች ኒቬስ።

“እኔም አላየሁም” አለና ፈርሞ፣ እጇን ጨብጦ ሄደ። እጁ ሞቃት ነበር።

ራርቶላት ይሁን፣ ወይስ ዓይኑ በሕግ የሌለውን ነገር ማየት ትቶ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ስትመለስ ኦልቪኖ ነበር መጀመሪያ የተናገረው።

“ሰውዬው አላየንም እንዴ?”

አሱንታ ሻርፗን አውርዳ ጉንጯን ቀስ አድርጋ ዳሰሰች።

ግብሩ ቀረ። ሰኔ መጣ፤ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ያን የሰሙ ሌሎች ባለ ፋብሪካዎችም ጣሪያቸውን አነሡ፤ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሰማይ የገባባቸው አዳራሾች ተደረደሩ። ዝናብ ሲመጣ ያ ሰፈር በሙሉ ዝም ይላል። ኒቬስ ዕፎይ እላለሁ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ዕፎይታው አልመጣም። እንቅልፏም አልተመለሰም።

ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ፣ በመከር ሌላ ትእዛዝ ደረሳት። ፍርስራሽ ሕንፃ ለአላፊ አግዳሚ አደጋ ስለሆነ ባለቤቱ ዙሪያውን ሰው እንዳይገባበት ማጠር አለበት፤ ካላጠረ ይቀጣል። ፋውስቶ ይኼ የተለመደ ነው አለና ሽቦውንና ምሰሶውን አስመጣላት። አናጺ ለመቅጠር ግን አቅሙ አልነበራትም። ኦልቪኖ ጋ ሄደች። ሳትጨርስለት ኮፍያውን አደረገ።

ሦስቱም መጡ። ኒቬስ ወጥ ቤት ሆና ሾርባ ስታበስል መዶሻው ሲመታ ትሰማ ነበር፤ እኩል፣ ሳይቸኩል፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ። የድሮው የፋብሪካው ምት ነው። ስንት ዘመን ነው እንዲህ ያለ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ከሰማች? ማንኪያውን እንደያዘች ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ድስቱ እየፈላ፣ ዓይኗ ተከደነ።

የነቃችው ድምፁ ሲያቆም ነው። ሳህኖቹን ደራርባ ይዛ ወጣች። አጥሩ ዙሪያውን ተዘግቷል፤ ሥራው ያምራል፤ የትም ቦታ ክፍተት የለውም። ሦስቱ መዶሻቸውን ይዘው በውስጥ በኩል ቆመዋል። የሠሩትን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ይከተላሉ።

ኦልቪኖ በሦስት ጣቱ ሽቦውን ያዘና ወደ እሷ ጠጋ አለ።

“ወይዘሮ ኒቬስ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ “ከየት በኩል ነው የምንወጣው?”

ኒቬስ ሳህኖቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ሽቦ የሚቆርጥ ጉጠት ልታመጣ ሮጠች።