ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ጨው

እትዬ ሩኪየም ሱቄ የሚመጡት አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ነው። በዚህ በሱምቢንግ ተራራ መንደር እንቅርታቸውን ያላየ የለም፤ ከማን እንደሚደብቁት እንጃላቸው! ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አንዲት ልጃቸው ዊናርሲ ከገደሉ ማዶ አማቶቿ ዘንድ ትኖራለች።

ዊናርሲ ካረገዘች ወዲህ እናቷ ቤት እህል አትቀምስም። አዋላጇ "አዮዲን የሌለው ጨው ለጽንሱ አይበጅም" ብላታለች። እናትየው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ከባሕሩ ጠረፍ የሚመጣውን ጥሬ ጨው ነው።

አንድ ቀን መደርደሪያዬን ሲያዩ ቆዩና፣

"ሙርኒ፣ ልጄን የሚመልስልኝ የቱ ነው?" አሉኝ።

"ይኼ የታሸገው።"

"ይኼማ ዱቄት ነው! ጥርስ ላይ እንኳ አይንኮሻኮሽም።"

"ለየትኛው ጥርስዎ ነው እትዬ?" አልኳቸው። ስቀው ገዙ።

በሳምንቱ ዊናርሲ መጣች። እኔም ለምሳ ተጠርቼ ነበር። ሳትቀመጥ ካሳቫ የሚሉትን ሥራሥር ፈቀፈቀች፤ ከእናቷ ጨው ጋር ለውሳ ኮምጣጤ ጠብ አደረገችበት። ጨው አዮዲን ካለው ሐምራዊ ይሆናል። ሦስታችንም ሳህኑ ላይ አፈጠጥን። እንደ ነጣ ቀረ።

"እማ፣ ለምን ያታልሉኛል?"

"እኔ? ከሙርኒ ነው የገዛሁት! ይቻት፣ ጠይቂያት!"

"እውነታቸውን ነው" አልኩ። ዊናርሲ አላመነችኝም። ሩዙን ሳትነካ ወጣች።

ቀና ስል የሸጥኩላቸው ጨው በቅርጫት ሆኖ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ አየሁ። ጥሬውን ጨው ጉሙ እንዳያረጥበው ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን። የታሸገውን ግን እንፋሎትና ሙቀት አዮዲኑን ያጠፉበታል። ስሸጥላቸው "ከድነው ያስቀምጡት" ማለት ነበረብኝ። በጥርሳቸው ስቀልድ ረሳሁት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላ ጨው ክዳን ካለው ማሰሮ ጋር ወሰድኩላቸው። ገደሉን ተሻግሬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለዊናርሲ ነገርኳት። "አንቺማ ነጋዴ ነሽ፤ ምን ትያለሽ?" ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሩኪየም በየማለዳው ካሳቫ ይፈቀፍቃሉ። ሐምራዊ ሲሆን ሳህኑን ማዶውን በሚያሳየው መስኮት ላይ ያኖሩታል። ከማዶ እንደማይታይ እሳቸውም ያውቃሉ። ሲመሽ ለዳክዬዎቻቸው ይሰጡታል።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ዊናርሲ ትናንት ወንድ ልጅ መውለዷን ነገርኳቸው። ሌላ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

"ደህና ናት?" አሉኝ።

"ደህና ናት።"

ሻርፓቸውን አጠበቁና ካሳቫውን መፈቅፈቅ ጀመሩ።