ልብስ ማጠብ ስፖርት የነበረ ጊዜ

ትናንት ከሰዓት እማዬ ከጤና ጣቢያ ክትትሏ ተመልሳ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ስኳሯ ዘንድሮም በልኩ እንደሆነና መድኃኒት እንደማያስፈልጋት ስታበስረን፣ እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ የሒሳብ ደብተሬን አቅፌ ቀረሁ። ሐኪሙ «ምን ዓይነት ስፖርት ነው የሚሠሩት?» ብሎ ጠይቋት ነበር፤ እሷም «ይኼን ላጫውትዎ ብል ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይረግመኛል» ብላው ወጣች። እኔ ግን ወረፋ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ላጫውታችሁ። እሷ ስታወራ ወንድሜ ሄኖክ ከበራችን ውጭ ያለውን ደረጃ በበረኪና እያጠበ ነበር፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ እኔን ከተቀመጥኩበት አንስቶ የድሮው ግቢያችን ውስጥ አስቀመጠኝ።

ያኔ የምንኖረው ከቁስቋም በታች ባለው ዳገት ላይ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከላይ ከጫካው የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ ከሳሙናውና ከበረኪናው ጋር ይደባለቃል፤ ከአጥሩ እስከ ኮክ ዛፉ በተወጠረው ሽቦ ላይ የአባዬ ሸሚዞች ተዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው እጃቸውን እያወናጨፉ የሚጨቃጨቁ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። የግቢያችን ቧንቧ ዳገቱን መውጣት ስለሚያቅተው ውሃ በፈረቃው ቀን እንኳን የሚያስለቅስ ጠብታ ነበር የሚሰጠን። ስለዚህ እማዬ ጀሪካኗን በገመድ አስራ ቁልቁል ወደ ቦኖው ትወርዳለች፣ ሞልታ በጀርባዋ አዝላ ሽቅብ ትመጣለች፣ ትገለብጣለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ስፖርት የሚለው ቃል በቤታችን የሚነሳው አባዬ ኳስ ሲያይ ብቻ ነበር።

አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው ነገሩ የመጣው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ለእማዬ ስኳሯ ከፍ እያለ እንደሆነ፣ ክብደቷን ካልቀነሰችና በየቀኑ ስፖርት ካልሠራች በቀር በቅርቡ ኪኒን እንደምትጀምር ነገረቻት። የእማዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አበባ፣ በዚሁ በስኳር የተነሳ ዓይኗ ደክሞ ልጆቿን በድምፃቸው መለየት ጀምራ ስለነበር፣ እማዬ ስኳር ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። ያን ቀን ማታ ሽንኩርት እየላጠች፣ እንደ ተበደለ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እኔ ከማለዳ ጀምሮ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ? የማጥበው ልብስ፣ የምሸከመው ውሃ አይቆጠርልኝም?» አለች።

አባዬ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውሎ ማታ ደግሞ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ያርፋል። «ይቆጠራል እንጂ፣ እንዴት አይቆጠርም» አለ ወዲያው። እንዲህ ፈጥኖ ከእማዬ ጋር ሲስማማ አይቼው አላውቅም። ልጅ ብሆንም፣ ያ ሥራ ስፖርት ካልተባለ እማዬ ለስፖርት ስትወጣ ሸሚዙን የሚያጥብለት ሰው እንደማይኖር አባዬ ቀድሞ እንደገባው ገብቶኛል።

ሄኖክ ደግሞ የባሰ ነበር። ያኔ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቅበት ጊዜ ስለነበር ሥራው ጡንቻው ብቻ ነው። ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ በመሃላቸው የብረት ዘንግ ሰክቶ፣ ኮክ ዛፉ ሥር ሲያነሳና ሲጥል ይውላል። እማዬ ውሃ አዝላ በአጠገቡ ስታልፍ «ሄኒ፣ እስቲ ይቺን አሳርፍልኝ» ካለችው፣ ዓይኑን ከብረቱ እንኳን ሳይነቅል «እማ፣ ዙሩን ልጨርስ» ይላታል። ጀሪካን ለምን እንደማይሸከም ስጠይቀው ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ «ይኼ እኮ ስፖርት አይደለም ሚጡ፣ ክብደቱ ሚዛን የለውም፣ ወገብ ይጎዳል» አለኝ። የእማዬ ወገብ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ያኔ ግን አፌ እንዲህ አልተፈታም።

እማዬ ክርክሩን ይዛ ሲስተሯ ዘንድ ተመለሰች። ሲስተሯ መከራከር ሰልችቷት ይመስለኛል፣ አንድ መለኪያ ሰጠቻት፦ እየሠሩ ማውራት ከቻሉና መዘመር ካቃተዎት ስፖርት ነው፣ እየሠሩ መዘመር ከቻሉ ግን ሥራ ብቻ ነው። ምስኪኗ ሲስተር እማዬ ሳታገባ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ከፍተኛውን ድምፅ የምትይዝ ዘማሪ መሆኗን አታውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእማዬ ሥራ ሁሉ በመዝሙር ተፈተነ። ዳኛዋ የጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ፣ በየማለዳው ቁስቋም ማርያምን ሳይሳለሙ እህል የማይቀምሱ ሴት ናቸው። የእኛን መዝሙር አንዱንም ባያውቁት በርጩማቸውን አውጥተው ተቀመጡ። እማዬ ሳፋው ላይ አጎንብሳ የአባዬን ሱሪ እያሸች ዘመረች፤ ከፍ የሚለውን ቦታ ሳይቀር፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከዳር እስከ ዳር ተወጣችው። እትዬ ዘውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልተቆጠረም፣ የሄኖክ እናት» አሏት። ግቢውን ጠረገች፣ ዘመረች። ወለሉን ወለወለች፣ ዘመረች። ካውያውን ይዛ ዘመረች። «ዛሬ ድምፄ ስለተከፈተ ነው እኮ፣ ሌላ ቀን እንዲህ አልችልም» ብላ ተከራከረች። ሽንኩርት ስትከትፍ መሃል ላይ ሆን ብላ ድምጿን ቆረጠችው፣ እኔ ግን በዓይኔ ያዝኳት፤ ያለቀሰችው ለሽንኩርቱ እንጂ ትንፋሽ አጥሯት አልነበረም።

በመጨረሻ ሁለት ሥራ ብቻ አለፈ፤ ውሃ አዝሎ ዳገቱን መውጣትና ብርድ ልብስን ሳፋ ውስጥ በእግር ረግጦ ማጠብ። በእነዚህ በሁለቱ እማዬ የመዝሙሩን ግማሽ እንኳን አልደረሰችም። አባዬ ከውስጥ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ፣ ቀልድ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ ሳይታይ፣

«ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ብርድ ልብሱን በየቀኑ ማጠብ ነዋ» አለ።

እውነቴን ነው፣ ታጠበ። ክረምቱ ገብቶ፣ እንጦጦ ጭጋጉን እስከ አጥራችን ድረስ አውርዶብን፣ እኛ ቤት ብርድ ልብስ በየቀኑ ይታጠብ ነበር። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይረገጣል። ሽቦው ከበደውና ረግቦ መሬት ነካ። እኔና ሄኖክ የአባዬን ካፖርት ተሻምተን እንተኛለን፤ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ስሄድ የጓደኞቼ ልብስ ጭስ ጭስ ሲሸት የእኔ እርጥብ ሳሙና ይሸታል። በርሜሉ ሞልቶ፣ ባልዲው ሞልቶ፣ ድስት ሳይቀር ውሃ ሞልቶ እማዬ አሁንም ጀሪካኗን ይዛ ትወርዳለች። ማታ ማታ ከድካሟ የተነሳ ርቧት ራት ላይ እጇ ከትሪው አይነሳም ነበር፤ ማን ይፈርድባታል።

የቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ስኳሯም እዚያው ነበር፤ አዲስ ነገር ቢኖር ቀኝ ትከሻዋ ማበጡ ነው። ሲስተሯ አጭር ቀጠሮ ጻፈችላትና በሚቀጥለው ኪኒን እንደምትጀምር ነገረቻት። ታክሲ ውስጥ እማዬ በመስኮቱ በኩል ትከሻዋን ይዛ ተቀመጠች። ዊንጌት ልንወርድ ስንል፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣

«ስፖርቱን ጠልቼ አይደለም እኮ። ግማሽ ሰዓት ብወጣ ቤቱን ማን ይሠራዋል?» አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ እማዬ የምትከራከረው ለመርታት ይመስለኝ ነበር። ለካ የቤት ሥራው እንዲቆጠርላት የፈለገችው ሌላ የምትቆርሰው ሰዓት ስላልነበራት ነው። እኔ ይህን ስረዳ አባዬ ላይም ሄኖክ ላይም፣ አልዋሽም፣ ዳኛ ሆነው በተቀመጡት በእትዬ ዘውዴ ላይም ተናደድኩ።

እትዬ ዘውዴ ግን ትከሻዋን አይተው ነገሩን ሲሰሙ፣ «ነገ ከእኔ ጋር ትወጫለሽ» አሏት። «እኔ ስሳለም አንቺ ሽቅብ እስከ ጫካው ደርሰሽ ነይ። እምነትሽን አልነካብሽም፣ ዳገቱ የሁላችንም ነው።»

«እትዬ፣ ቁርሱስ? ውሃውስ?»

«ባልሽ እጅ የለውም? ያ ጣሳ የሚያነሳው ልጅሽስ?»

እትዬ ዘውዴ አንድ ሌላ ብልሃትም ነበራቸው። በሰፈራችን ሰው በእግሩ ፈጥኖ መሄድ አይችልም፤ በየበሩ ደህና አደራችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ያ የእግርሽ ነገር እንዴት ሆነ ሲባል ግማሽ ሰዓቱ ቆሞ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የሚቸኩልን ሰው ግን ማንም አያስቆምም። ስለዚህ እማዬ በእሳቸው ነጠላ ጥላ ሥር ሰላምታውን ሁሉ እያለፈች ዳገቱን ትወጣው ጀመር። በየማለዳው ቁስቋም ትሄዳለች የሚለው ወሬ ለኳየሯ ደርሶ አንዲት እህት «ሰምተን ዝም ማለት ስላልቻልን ነው» ብላ ልትመክራት ቤታችን መጣች። እማዬ ነገሩን ከነሚዛኑ አስረዳቻት፤ እህትየዋም ስትሄድ በር ላይ ቆማ በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ጠየቀች።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ግን አልረሳውም። ሄኖክ እያጉረመረመ ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው ትንፋሹ ነው፤ ከዚያ ቀይ ፊቱ፣ ከዚያ እንደ ተበደረ እግር የሚንገዳገደው እግሩ። ከጀርባው ሳያወርደው በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«ዘምር እስቲ» አልኩት።

አፉን ከፈተ፣ የወጣ ነገር አልነበረም። እማዬ ያን ጊዜ ነው በበሩ የገባችው፤ ጉንጮቿ ፍም መስለው፣ ነጠላዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጣብቆ፣ አይቼባት የማላውቀው ዓይነት ሰው ሆና። ሄኖክ ቀና ብሎ አያት።

«እማ፣ ይኼማ ይቆጠራል» አላት። «ከብረቱ ይብሳል።»

እማዬ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ይቆጠራል ካልክ ለአንተ ይቆጠርልህ» አለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ውሃው የሄኖክ ሆነ። አባዬም ሸሚዙን ማጠብ ተማረ፤ በመጀመሪያው ቀን ሰማያዊውን በበረኪና ነክሮት እንደ ደመናማ ሰማይ ነጫጭ አወጣበትና ያን ሰሞን ሙቀቱ ምንም ቢሆን ኮቱን ሳያወልቅ ሠራ። እማዬ እየቀለለች ስትመጣ ደግሞ ሰፈሩ ተራውን ያዘ። ስትወፍር «ተመችቶሻል» ይላት የነበረው ሰው ሁሉ «ምን ነካሽ፣ ከሳሽ፣ ሕመም ደብቀሽን ነው?» እያለ ገንፎ በሳህን ይልክ ጀመር። ገንፎውን የበላሁት እኔ ነኝ። በአጭሩ ቀጠሮ ስንመለስ ሲስተሯ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው፤ ኪኒኑ አልተጀመረም፣ እስከ ትናንትም አልተጀመረም።

ዛሬ ግቢው የለም። ዊንጌት አጠገብ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ውሃው ወጥ ቤታችን ድረስ ይመጣል፣ ብርድ ልብሱንም ማሽን ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በመቅለሉ ማንም ሊያማርር አይገባውም፣ እኔም አላማርርም። ግን ማሽኑ ሲሽከረከር እማዬ አትዘምርም፤ ድምፁ ያውካታል መሰለኝ በሩን ዘግታበት ትሄዳለች። የጎረቤቶቻችንን ስም የማውቀው በር ላይ ከተለጠፈው ነው። እትዬ ዘውዴ ልጃቸው ዘንድ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ገብተዋል፤ ጉልበታቸውም ዳገት ትቷል፣ በስልክ ብቻ ነው የሚያገኟት። በማለዳ በጣታቸው መስኮቱን ቆርቆር አድርገው «ተነሺ» የሚሏት ሰው ስለሌለ፣ እማዬ አንዳንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ጫማዋን አጥልቃ፣ ለብቻዋ ልውጣ አልውጣ እያለች ስትቀመጥ አያታለሁ። ሁሉን ነገር በቀላል ለወጥነው፣ እሳቸውን ግን የሚተካ አላገኘንም።

ትናንት ማታ ይህን እየጻፍኩ እንደሆነ ስነግራት ትንሽ አሰበችና እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ፣ ወደ ዳገቱ በሚወስደው በኩል ትቆማለች። ነጠላ የለበሰችም ቱታ የለበሰችም ትምጣ፣ የማርያምም ትምጣ የኳየርም። ዘንቢል ይዛችሁ አትምጡ፣ የሚያያችሁ ሰው ሁሉ ገበያ የምትሄዱ መስሎት ቲማቲም አምጡልኝ ይላል። ቤቱን ለማን ጥለን እንወጣለን ለምትሉ እናቶች ደግሞ እኔ የምጨምረው ይህን ነው፤ ሥራው ስፖርት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው በየቤታችሁ አንድ አይጠፋም፣ ለእሱ ትታችሁለት ኑ።