በጓያ የተሠራው ደብተራ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። በዚያ ክረምት የየቤቱ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ይሄድ ነበር፤ እኔ የማወራው ግን ስለ ጨዋታ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህራችን «በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ» ስላሉን፣ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ወረታ ውስጥ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንኖረው ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት ክፍል ነበር። አባቴ ከከብቶቹ ጋር ፎገራ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ወደ ከተማ የወጣነው በወንድሜ እግር ምክንያት ነው። በድርቁ ዓመት ከጓያ በቀር የረባ ነገር አልበቀለም፤ ሁላችንም በላን፤ የሰበረው ግን እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዘራ ተደግፎ፣ ጉልበቱን ከጉልበቱ እያጋጨ ይሄዳል። እናቴም ጓያን ከቤት አስወጣች። አንዴ የተሰበረ ሰው እንፋሎቱ እንኳ ቢነካው ጨርሶ ይተኛል ብላ ስለምታምን፣ ጎረቤት ጓያ ሲቀቅል በሩን ትዘጋ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ሊከርም መጣ። በዕድሜ ስለሚበልጠን ጋሼ እንለዋለን። ከአንድ የውጭ አገር መምህር የተማረውን ጨዋታ ይዞልን መጣ። ካርቶን ላይ ስድስት ክቦች ይሣላሉ፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጤና፣ እውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ። እያንዳንዳችን ሃያ የተቆላ ሽምብራ ተሰጥቶን በክቦቹ ላይ እናከፋፍላለን፤ በዚያ የምንጫወትበት ሰው ይሠራል። ጋሼ መንገዱንና ጠላቱን ይተርካል፣ እኛ ዕጣ እየጣልን እናልፋለን። ሰውህ ሲሞት ሽምብራህን ትበላለህ፤ ማጽናኛ ነው።

ድግምት የሚችሉት ሦስት ነበሩ። ደብተራ በእውቀት፣ ቄስ በማስተዋል፣ አዝማሪ በግርማ። እኔ፣ ሴት ብሆንም፣ ቄስ ሆንኩ። የባለሱቁ ልጅ አዝማሪነቱን መረጠና «እናቴ ከሰማች ድግምት አያድነኝም» አለ። ወንድሜ ደብተራ ሆነ። እውቀት ላይ ዘጠኝ፣ ጤና ላይ ሰባት አስቀመጠ። የቀረችውን ማስተዋልና ቅልጥፍና ላይ በተናት። ጉልበትና ግርማ ባዶ ቀሩ።

«ጤና ለደብተራ ምን ያደርግለታል?» አለ ጋሼ።

«ድጋም ላይ ያለ ሰው ሲመታ ቃሉ ይጠፋበታል። ጤና ያለው ግን ተመትቶም ይጨርሳል።»

«ጉልበትስ?»

«ለምኔ?»

«እውነትህን ነው። አንተማ ለብሔራዊ ውትድርናም አትፈለግም። ጓያ ባለውለታህ ነው!»

ሳቅን። ወንድሜም አብሮን ሳቀ። ግን ሐምሌን ሙሉ ያ ደብተራ አልሞት አለ። ጋሼ ወታደር ሲያመጣበት ያስተኛቸዋል፤ ዘንዶ ሲያመጣበት ያደነዝዘዋል። ወንድሜ ከእግሩ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይጠራው ካርቶኑን የሚዘረጋው እሱ ነበር። የጋሼ ፊት ግን በየቀኑ እየጠቆረ ሄደ።

ነሐሴ ላይ ባለሱቁ ሽምብራ ከለከለን። በማግስቱ ጋሼ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዞ መጣ። ጓያ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር እኛ ቤት አይገባም» አልኩት።

«ቆሎ ነው እንጂ እባብ አይደለም፤ ለቆጠራ ነው» አለና ለሁላችንም አደለ። ወንድሜ በየክቡ ደረደረው።

የዚያን ቀን ጋሼ በተረኩ ውስጥ ርብ ወንዝን አስሞላ። «ወንዙን የሚሻገር ጉልበቱ ከሦስት በላይ የሆነ ብቻ ነው» አለ።

«የማሻገሪያ ድግምት አለኝ» አለ ወንድሜ።

«ውኃ ድግምት አይሰማም።»

«ትናንት ሰምቶ ነበር።»

«የትናንቱ ጉማራ ነበር። ይኼ ርብ ነው።»

የባለሱቁ ልጅ «እኔ ልዘለው!» አለ።

«ሽባ የሚያዝል አብሮ ይሰምጣል» አለ ጋሼ፣ ካርቶኑን ሳይሆን የወንድሜን እግር እያየ። «በቃ፣ ደብተራው ሞተ። የሞተ ደግሞ የራሱን ይበላል።»

ማንም አልሳቀም። ወንድሜ ከእውቀት ጀመረ። አንድ አንድ እያነሣ ይቆረጥማል፤ ዓይኑን ከጋሼ ላይ አልነቀለም። ሁለተኛው ክብ ላይ ሲደርስ ጋሼ «ተው እንግዲህ፣ ስቀልድ ነው» አለ። ወንድሜም «ሕጉ የአንተ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ጨረሰው።

በማግስቱ ከመደቡ አልነሣ አለ። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ። እናቴ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጋሼ ፊቱ አመድ መስሎ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ለእትዬ አትነግራትም አይደል?»

«እስካለህ ድረስ ምን ያስነግረኛል? ከሄድክ ግን ለአባዬ እልክበታለሁ። ታውቀዋለህ አባዬን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ወንድሜን አዘለው። ወደ ሽንት ቤት፣ ወደ ጠበል፣ በዚያ ጥቁር ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተ። ወንድሜ ከጀርባው ላይ ሆኖ «በግራ በኩል፣ ጋሼ፤ በቀኙ ይውጣል» ይለዋል። አንዳንዴም በትሕትና ይጠይቀዋል፦ «ምዝገባችሁ መቼ ነበር ያልከኝ?»

አንድ ቀን እግሩን ሳጥበው ውኃው ፈጅቶት ጣቶቹ ሽምቅቅ አሉ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። እናቴ ጥግ ላይ ሆና ለእግሩ የተሳለችውን ስለት ስትቆጥር ይሰማን ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አዲስ ዓመት አለፈ። ተማሪን ከውትድርና የሚያስቀረው የምዝገባ ሳምንትም አለፈ። የመስቀል ዕለት ጠዋት ወንድሜ በጆሮዬ «ከዘራዬን ያዢልኝ» አለኝ። ጋሼ ደመራው ድረስ አዝሎ አወጣውና ላቡ እየተንጠባጠበ አስቀመጠው። የቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገባችን ቆመው ኖሯል፤ የጋሼን ትከሻና ባት በዓይናቸው ለኩት።

«አንተ ጎበዝ፣ ይኼን ጎረምሳ ከቤት እስከዚህ አዝለህ? ጉልበት አለህ። ተማሪ ነህ?»

«ነበርኩ» አለ ጋሼ።

«ነበርክ» አሉና አብሯቸው ለቆመው የአብዮት ጥበቃ በአገጫቸው አመለከቱት።

ወንድሜ እጁን ዘረጋልኝ። ከዘራውን ሰጠሁት። ተደግፎ ተነሣ፤ እናቴ እልል አለች፣ ሴቶቹም ተቀበሏት። በጋሼ ፊት ሲያልፍ ቆም አለ።

«ርብ ጎደለ፣ ጋሼ» አለው። «አሁን በእግሬ እሻገራለሁ።»

ጉልበቱን ከጉልበቱ እያጋጨ ወደ ቤት ወረደ። ጋሼ ግን አልተከተለንም፤ ጥበቃው ክንዱን ይዞት ነበር። ዕለቱ መስከረም 17 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።