የነሐሱ ብሎን

ትናንት ዝናብ ጣለና ጉርድ ሾላ ግቢያችን ያለው የጥድ አግዳሚ ወንበር ሸተተኝ። ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አናጢው አባቴ ለቀበሌያችን መፈክር የሚጻፍበት የጥድ ሰሌዳ ሠርቶ፣ በብረት ብሎን አጥብቆ ደጅ ተክሎላቸው ነበር። ክረምት ሲገባ ከየብሎኑ ሥር ጥቁር ውሃ ወርዶ በቀይ የተጻፈውን መፈክር አበላሸው። ሊቀመንበሩ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ።

«ይሄ አሻጥር ነው!»

«ጥድና ብረት ዝናብ ላይ አይስማሙም፣ ጓድ። ነሐስ ነበር የሚያስፈልገው» አለ አባቴ።

«ታዲያ ነሐስ የለህም?»

«ከየት አምጥቼ?»

እኔ የተቀመጥኩበት ሳጥን የነሐስ ብሎን ሞልቶታል። ትንሽ ብነቃነቅ ይንቋቋል። ሊቀመንበሩ አፍጥጦ አየኝ። የሳጥኑን ጠርዝ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ዝተውበት ሲሄዱ እናቴ፣ «ምናለ ነሐሱን ብታስገባላቸው?» አለችው።

«ብሎን የሚመረጠው ዕቃው ስንት ዓመት እንዲቆይ እንደምትፈልጊ አይተሽ ነው» አላት።

ያኔ አልገባኝም። ኋላ በነዚያ የነሐስ ብሎኖች ይሄን ወንበር ሠራ። ሰሌዳው ከነባለቤቶቹ ከሄደ ስንት ዘመኑ! ከወንበሩ ግን ትናንትም አንዲት ጥቁር ጠብታ አልወረደችም።