የፊት ፍሬን የሌለው ሞተርና የጋሽ ወንድይፍራው ግዝት

ሐሙስ ሊነጋ ሲል፣ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ከአልጋው እንዳይነሳ የሚለምን ብርድ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። እኔ ሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ገጠር ለገጠር የሚዞሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ሞተራቸው ፍሬን ይያዝ አይያዝ እንድፈትሽ ተልኬ ወደ መንዝና ግሼ መሄዴ ነው። ቦርሳዬን የሞላው መፍቻና የፍሬን ሸራ ነው። ባለቤቴ «ልብስህስ?» ብላ ስቃብኛለች።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነዳ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ሰጡኝ፤ እሱን እየቆረጠምኩ ፍርሃቴን ረሳሁት።

ረፋድ ላይ፣ መሐል ሜዳ

ራቤል ድረስ የሚያደርሰኝ ሽመልስ የሚባል ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ሳልፈትሽ የማልሳፈር ነዝናዛ ነኝ። የፊት ፍሬኑን መያዣ ጨበጥኩት፤ ባዶውን መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፍሬኑን የሚስበው ካቦ ከጎማው ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በበግ ጠጉር ክር ጥንቅቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ይሄን ማን ፈታው?»

«አባባ ናቸው ያስፈቱኝ» አለ ሽመልስ አንገቱን ደፍቶ። «ሞተሩን የተረከብኩ ሰሞን የፊቱን ጭብጥ ሳደርገው በአፍጢሜ ተደፋሁ። እሳቸው ዕድሜያቸውን በፈረስ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁልቁለት ላይ ልጓም የሳበ ይወድቃል አሉና አስፈቱኝ።»

«በል ና እንሰረው፤ ጊዜ አይፈጅም።»

«አይሆንም ጋሼ። በሥላሴ ገዝተውኛል። እሳቸው ካላነሱልኝ አልነካውም።»

ከግትር ሰው ጋር መከራከር እችልበታለሁ። የአባቱን ቃል ከሚፈራ ልጅ ጋር ግን ምን ብዬ? ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። ባለቤቱ ጥሩነሽ እናቷ ቤት ሄዳ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳለች። ሕፃኗ ክርስትና ስለተነሳች ነገ ሁለቱን በዚሁ ሞተር ወደ ቤት ሊያወርድ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በራ፤ የእኔ ዓይን ግን ከተፈታው ካቦ አልነቀል አለ።

ከሰዓት፣ ጓሳ

ሰማዩ ቅርብ ነው። የጓሳው ሣር በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ረጃጅሙ የጅብራ ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ይነጫሉ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «አቁም» እልና እወርዳለሁ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ሞተሩ ምን አደረገልዎት?»

«ለቦርሳዬ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ።

ሜዳው ሲያልቅ አንድ ጎጆ አሳየኝ፤ የጥሩነሽ እናት ቤት ነው። ጥሩምባውን ነፋ። ከበሩ አንዲት ሴት ወጥታ ነጠላዋን አወዛወዘችለት። ከዚያ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ራቤል ይወርዳል፤ ኮረኮንች፣ በአንድ በኩል ገደል። ያንን ሁሉ በእግሬ ወረድኩት። ሽመልስ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ከፊቴ ይሄዳል፤ የኋላው ፍሬን በያዘ ቁጥር ሲፋጭ ይሰማኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ራቤል አጠገብ

የሽመልስ አባት ጋሽ ወንድይፍራው በርኖስ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። የገብስ እንጀራ በአይብ ቀረበ፤ ጠላ ተቀዳ። ከበላን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ሲደፋ ቆሜ አይቻለሁ» አሉኝ። «ያለሱ ልጅ የለኝም።»

«ልክ ነዎት፤ ጭብጥ አድርጎ ከያዘው ይደፋዋል። ቀስ አድርጎ ከኋላው ጋር ሲይዘው ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ብቻውን የቀረው የኋላው ምን እንደሆነ ላሳይዎት?»

የኋላውን ጎማ ፈታሁት። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ይበላል። ያለቀውን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በጣታቸው ደባበሱት።

«ነገ በዚህ ነበር የሚያወርዳቸው?»

«በዚህ ነበር።»

ያለቀውን ሸራ ጨበጡት። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። እንዲህ አድርጎ የሚሳሳለት አባት ያለው ሰው ታድሏል። ለኋላው ጎማ አዲስ ሸራ አስገባሁ። የፊቱን ካቦ ስይዝ እጄን ያዙኝ።

«እሰረው፤ ለመሞከር ብቻ። ግን ከኋላው እኔ ነኝ የምቀመጥ። ከተደፋም አብሬው ልደፋ።»

ሣሩ ላይ ተለማመድን፤ ሽመልስ ሁለቱን በእርጋታ መያዝ ሲችል አባቱ በርኖሳቸውን ሰብስበው ተፈናጠጡ፤ ልክ እንደ ፈረስ በጉልበታቸው ግጥም አድርገው። ቀለል ካለችው ቁልቁለት ወርደው ያለምንም መንገጫገጭ ቆሙ። «እንደገና» አሉ። ሦስተኛም አስደገሙት፤ እዚህ ላይ የጠረጠርኩት መፍራታቸውን ሳይሆን ግልቢያውን መውደዳቸውን ነው። ሲወርዱ ልጃቸውን ትከሻውን ይዘው «ግዝቱን አንስቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ወዲያው ደግሞ «አሁን ሁለቱን ሳትይዝ ብትወርድ ገዝቼሃለሁ» ሲሉ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ዓርብ ጠዋት

ሕፃን በሞተር ስትሄድ ማየት አልወድም። ግን በዚያ መንገድ መኪና የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ያንን ሁሉ በእግሯ አትወርድም። ሽመልስ በጠዋት ወጣ። ጋሽ ወንድይፍራው ከብቶቹ ሲወጡ ጀምሮ መንገዱ ዳር ቆመዋል። በርጩማ ቀርቦላቸው አልተቀመጡም።

የሞተሩ ድምፅ ከላይ ተሰማ። ጥምዝምዙ ላይ ይታያሉ፣ ይሰወራሉ፣ እንደገና ይታያሉ። የመጨረሻዋ ቀጥ ያለች ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ ዝግ እያለ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

ጥሩነሽ ወርዳ ሕፃኗን በወፍራም የሱፍ ባና እንደተጠቀለለች አቀበለቻቸው። ተቀብለው ግንባራቸውን የሕፃኗ ግንባር ላይ አደረጉ።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት» አሏት።

ጥሩነሽ ደነገጠች። «ምን አድርገዋት ነው አባባ?»

«ምንም» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ግዝቴ ምንም ሳያደርጋት ደረሰችልኝ።»