ከደጃፌ የወጣው ሰው

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ኪሮስ የግቢውን አጥር አስጨርሶ፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አስተክሎ፣ ፈቃድ ያወጣለትን ሽጉጥ ሊያሳየኝ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ የብረት በር የሚሠራበት ቤት አለው፤ ለሰው ሁሉ በር እየሠራ የራሱን በር ግን ጠግኖት አያውቅም። «አቦይ፣ ከእንግዲህ ሌባ ገብቶ ቢያመልጠኝ እንኳ እስከ አስፋልቱ ተከትዬ አስቀረዋለሁ» አለኝ። ሽጉጡን አገላብጬ አይቼ መለስኩለት። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አስቀርቻለሁ። ያስቀረሁት ሰው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቤቴ ተቀመጠ።

ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። አባቴ ከሸዋ ለንግድ መጥቶ መቀሌ የቀረ ሰው ነበር። ሲሞት ለእናቴ ከገበያው በላይ ያለችውን የድንጋይ ቤት፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ምንሽር ጠመንጃ ተወልን። ሃያ ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ጠመንጃ እንደ ማገዶ ገበያ ላይ ይገኝ ነበር፤ ያልታጠቀ ጎረምሳ ከሰው አይቆጠርም። የእኔ ጢም ገና ስላልበቀለ በምንሽሩ ነበር የምንጠባረረው። እውነቱን ለመናገር ከዚያች ቀን በፊት ከባዶ ቆርቆሮ በቀር የመታሁት ነገር አልነበረም።

ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። ዝናቡ ሲጥል ሰንብቶ የዚያን ዕለት ረፋዱ ላይ አባራና የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ታጥቦ ወለል ብሎ ታየ። እናቴ ፀሐይዋን አየችና አዲሱን ጋቢዋን ግቢው ውስጥ አሰጣችው። ወደ ቅዳሴ ስትሄድ እንድከተላት ጠየቀችኝ፤ ሆዴን አሞኛል አልኳት። «እንግዲያው በሩን ዝጋው፣ አደራ» ብላኝ ሄደች። አልዘጋሁትም። አልጋ ሥር የደበቅኩት አንድ ቅርጫት በለስ ነበረኝና እግሯ እንደወጣ ጾሜን በበለስ ለመግደፍ ቸኮልኩ። የዚያን ዓመት በለስ ጣፋጭነት አሁንም ምላሴ ላይ አለ፤ ኃጢአት ያጣፍጣል መሰለኝ።

ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ ቅርጫቱን ሳጋምስ፣ ኮቴ ሰምቼ ብወጣ አንድ ቀጭን ሰው ጋቢውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ተመልሼ ምንሽሩን ከተሰቀለበት አወረድኩና ደቀንኩበት። አፈሙዙን ሲያይ ጋቢውን ደጃፉ ላይ ጥሎ ወጣ። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ጋቢው ግቢ ውስጥ፣ ሰውየው ውጭ። እኔ ግን በእጄ ጠመንጃ፣ በአፌ በለስ ይዤ ተከተልኩት። ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ከሾላው ዛፍ አጠገብ፣ ጀርባውን አነጣጥሬ ተኮስኩ። ወደቀ።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ጎረቤቱ ከየቤቱ ወጣ፤ ከቅዳሴ የሚመለሰውም ሰው ደረሰ። ታዲያ ጠላት የጣለ ሰው ዝም ይላል እንዴ? ጠመንጃዬን ወደ ላይ አንሥቼ ፎከርኩ።

«ዘራፍ! ደጄን የደፈረ የማይመለስ! ሲሸሽ የምጥል፣ ሾላው ሥር የማስቀር!»

እልል ያለልኝ ሰው የለም። አንድ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሃል ወጥተው «በሕግ አምላክ፣ ጠመንጃህን አውርድ» አሉኝ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ቆምኩ። እናቴ በቤት በኩል ዞራ ጋቢዋን ከደጃፉ አንሥታ ደረሰች። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበርና፣ ሽማግሌው ጋቢውን ከእናቴ እጅ ተቀብለው አንዱን ጫፍ በእኔ ክንድ፣ ሌላውን በሌባው ክንድ ቋጠሩት። ጥይቱ ባቱን ቦጭቆት ስለነበር ብቻውን መራመድ አልቻለም። የተኮስኩበትን ሰው ደግፌ ዳገቱን ወጣሁ።

ዳኛው ፊት ስንደርስ ድፍረቴ ሟሸሸ። ግቢዬ ገብቶ ነው አልኩ እንጂ የት እንደመታሁት አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገኝም። ሽማግሌው ፉከራዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አወረዱት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳኛው በአፌ የመሰከርኩትን ሰምተው ሲያበቁ ጋቢው የት እንደተገኘ እናቴን ጠየቋት። «ደጃፋችን ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት» አለች፤ ልጄ ነው ብላ አልዋሸችልኝም።

«ኣታ ወደይ» አሉኝ ዳኛው፣ አንተ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «በርህን አልፎ ጋቢ ሲያነሣ የአንተ ጠላት ነበር። ባዶ እጁን ከደጃፍህ ከወጣ በኋላ ግን የእኔ ነው። ፈልጎ መያዝ፣ ይዞ መፍረድ የእኔ ሥራ ነው። አንተ የእኔን ሰው ነው የመታኸው።»

ምንሽሩ እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ሰውየው እስኪድን ድረስ በቤቴ እንዳስታምመው፣ የስርቆቱን ፍርድ ከዳነ በኋላ እንዲቀበል ወሰኑ። ቢሞት ግን የነፍሰ ገዳይ ፍርድ እንደሚጠብቀኝ ነገሩኝ።

ስሙ ተኽላይ ነበር። መደብ ላይ አስተኛነው። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ አመረቀዘ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አበጠ፣ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ። እንደዚያን ሰሞን ፈርቼ አላውቅም። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥበዋለሁ፤ እናቴ ከባቄላና ከአብሽ ዱቄት የሠራችውን ሕልበት አጎርሰዋለሁ፤ እሾሁን እያራገፍኩ በለስ እልጥለታለሁ። ለራሴ አንገት ብዬ ጀመርኩት፤ በኋላ ግን ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ትንፋሹን ማዳመጥ ለመድኩ። በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀውና ዓይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ሓወይ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ «እኔኮ ወጥቼ ነበር። ለምን ተከተልከኝ?»

ዳኛው ከተናገሩት ይልቅ ይህ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ከቤቴ እንዲወጣ ነበር የፈለግኩት፤ ወጥቶልኝ ነበር። ተኩሼ፣ ደግፌ፣ በገዛ በሬ መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በእግሩ ቆመ። ዳኛው ጋቢውን ጥሎ መሄዱንና መቁሰሉን አይተው ቅጣቱን አቀለሉለት። እናቴ የአባቴን አሮጌ ጋቢ አለበሰችው፤ አዲሱን ግን አጥባ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት፣ ሞኝ አልነበረችም። ምንሽሩም ተመለሰልኝ። መልሼ ሰቀልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፎክሬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለኪሮስ ነገርኩት። ሽጉጡን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ግን እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን የምጠይቀው ዓይነት ጥያቄ መጣለት።

«ታዲያ አቦይ፣ ሌባው ገብቶ ከወጣብኝ እኔ ምን ላድርግ?»

«በሩን ዝጋው» አልኩት።